«ጠንካራ አሲድ እንደ አቦል ነው»፦ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በኬሚስትሪ ሲረዳዱ የሚጠቀሙባቸው ገለጻዎች

መነሻ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በተመደበ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ አምስት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ አሲድና ቤዝ ሲነጋገሩ አዳምጥ ነበር። ሥራዬ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ መከታተልና ሲጠየቁ መርዳት ነው። ከመካከላቸው አንዲት ተማሪ በ«ጠንካራ» እና በ«ደካማ» አሲድ መካከል ያለው ልዩነት እንዳልገባት ተናገረች። አጠገቧ የተቀመጠው፣ በቡድኑ ዘንድ ጎበዝ የሚባለው ተማሪ፣ ሳያመነታ መለሰላት፦ «ቀላል ነው። ጠንካራ አሲድ እንደ አቦል ነው፤ ደካማው እንደ በረካ።» ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ገባቸው፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ይህን ገለጻ በሚገባ አውቀዋለሁ። በ2009 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት ሳለሁ እኔ ራሴ ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል፣ ሰጥቼዋለሁ። እኔንም ሆነ ይህን ተማሪ ማንም አላስተማረንም። ቡና በሦስት ዙር ተፈልቶ በሚጠጣበት አገር ያደገ ሰው «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ አቦሉ ቀድሞ ወደ አእምሮው ቢመጣ አያስደንቅም። በዚያ ሴሚስተር ፈተና ላይ ግን «ጠንካራ አሲድ ሺህ ጊዜ በውኃ ሲበረዝ ደካማ አሲድ ይሆናል» የሚል የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ቀረበ። ጓደኛዬ አቦሉ በረካ እስኪሆን እንደሚቀጥን አስታውሶ «እውነት» አለ። እኔም እንዲሁ። እኔ ያጣሁት አንድ ነጥብ ነው፤ እርሱ ግን ኮርሱን ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ጎድሎት ነበርና ይህችኛዋ ምን ያህል እንደምታስፈልገው የገባኝ ውጤቱ ሲለጠፍ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ከዚያ ዕዳ የመነጨ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ ተማሪ ለተማሪ ሲያስረዳ ምን ሲሆን እውቀት ይተላለፋል፤ ምን ሲሆን ደግሞ ስሕተት ከአንዱ ወደ ሌላው በፈገግታ ይሸጋገራል? ጽሑፉ በማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜያት በያዝኋቸው ማስታወሻዎች ላይ የተመሠረተ የገለጻዎች ትንተና እንጂ በመጠይቅ የተሰበሰበ አኃዝ የሚያቀርብ ጥናት አይደለም። የተማሪዎቹ ማንነትም ሆነ የተቋሙ ስም ለጉዳዩ ስለማይጠቅም አልተጠቀሰም።

የቀደሙ ሥራዎች

የእርስ በርስ መማማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየኔታ ፊት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ላለው ፊደል ሲያስቆጥር ኖሯል። በቅርቡም በየዩኒቨርሲቲው የተዘረጋው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት በውጤቱ የላቀው ተማሪ ሌሎቹን ይደግፋል በሚል እሳቤ የቆመ ነበር። እኔ በነበርሁበት ቡድን በተግባር የሆነው ግን መሪው ይሠራል፣ ሌሎቻችን እንገለብጣለን፣ ፊርማው ይሰበሰባል። በሌሎች ቡድኖች የተሻለ ነገር አልነበረም ለማለት አልደፍርም።

በምርምሩ ዓለም በሰፊው የሚታወቀው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው አሠራር ነው። መምህሩ በትምህርቱ መሐል ጽንሰ ሐሳባዊ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን መልሱን ይመርጣል፤ ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር ተከራክሮ እንደገና ይመርጣል። የአሠራሩ ቁልፍ በእኔ እይታ ውይይቱ ብቻ ሳይሆን ከውይይቱ በፊት ያለችው ጸጥታ ናት። ሰው አስቀድሞ ለራሱ አንድ አቋም ካልያዘ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

«ጎበዙ ለሰነፉ ያስረዳል» የሚለውን የተለመደ ሥዕል ይበልጥ የሚፈትነው እ.ኤ.አ. በ2009 ሚሼል ስሚዝና ባልደረቦቿ በ«ሳይንስ» መጽሔት ያሳተሙት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ የጄኔቲክስ ኮርስ ተማሪዎቹ ከተወያዩ በኋላ በመጀመሪያው ጥያቄ የተፈተነውን ጽንሰ ሐሳብ የያዘ ሌላ ጥያቄ ለብቻቸው እንዲመልሱ አደረጉ። ከውይይቱ በፊት ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ አንድም ሰው ባልነበረባቸው ቡድኖች ውስጥ እንኳ መሻሻል ታየ። ይህ ከሆነ እውቀቱ ካለው ወደሌለው እንደ ውኃ የፈሰሰ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ነገር በንግግሩ ውስጥ ራሱ ተፈጥሯል።

በኬሚስትሪ ደግሞ በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረው፣ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፉ ተማሪዎች አነስተኛ ቡድኖችን የሚመሩበት አሠራር ይጠቀሳል። በዚህ አሠራር ለመሪዎቹም ሆነ ለተማሪዎቹ የመልስ ቁልፍ አይሰጥም። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን የመልስ ቁልፍ በጠረጴዛው ላይ ካለ ንግግሩ ወደ ቁልፉ ማየት እንደሚዞር በቡድን ያጠና ሁሉ ያውቀዋል።

አቦልና በረካ

ወደ ቡናው እንመለስ። ገለጻው ሐሰት የሆነው የት ላይ ነው? አቦል፣ ቶናና በረካ የሚለያዩት በክምችት ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለው ነገር ያው ቡና ሆኖ መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። የአሲድ ጥንካሬ ግን የመጠን ጉዳይ አይደለም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠንካራ የሚባለው በውኃ ውስጥ ሞለኪዩሎቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ አዮኖች ስለሚለያዩ ነው። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ደካማ የሚባለው አብዛኞቹ ሞለኪዩሎቹ ሳይለያዩ ስለሚቀሩ ነው። በ0.1 ሞላር የአሴቲክ አሲድ ብጥብጥ ውስጥ ከመቶ ሞለኪዩሎች የሚለያዩት 1.3 ገደማ ብቻ ናቸው።

ገለጻውን ለመፈተን ለዚያ ቡድን ይህን ጥያቄ ሰጠኋቸው፦ 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድና 0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢቀርቡላችሁ ይበልጥ አሲዳማው የትኛው ብጥብጥ ነው? ጎበዙ ተማሪ ወዲያው «ጠንካራው» አለ። ያቺ የጠየቀችው ተማሪ ግን ዝም ብላ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያው ብጥብጥ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት 0.0013 ሞላር፣ የሁለተኛው 0.001 ሞላር ሆነባት። ፒኤቻቸው 2.9 እና 3.0 ማለት ነው፤ «ደካማው» በጥቂቱ በልጧል። «ታዲያ የትኛው ነው አቦሉ?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። በእኔ ማስታወሻ ውስጥ የዚያ ምሽት ትምህርት የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው፤ ከእርሷ በፊት የነበረው ሁሉ ሳቅ ነበር።

ቡናው ከእውነታው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭበት ሌላም ቦታ አለ። አሴቲክ አሲድ ከ0.1 ሞላር ወደ 0.001 ሞላር ሲበረዝ የሚለያዩት ሞለኪዩሎች ድርሻ ከ1.3 በመቶ ወደ 12 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ብጥብጡ በአጠቃላይ አሲዳማነቱ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ሞለኪዩል የመለያየት ዕድሉ ግን ይጨምራል። በረካ በሆነ ቁጥር ፍሬው ይበልጥ የሚሰጥ ቡና እስካሁን አልገጠመኝም።

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ጆንስቶን ኬሚስትሪ ለጀማሪ የሚከብደው በአንድ ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ስለሚነገር ነው ይላል፦ በዓይን የሚታየው፣ በዓይን የማይታየው የሞለኪዩሎች ዓለም፣ እንዲሁም የምልክትና የቀመር ዓለም። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ለኬሚስቱ በሁለተኛው ደረጃ ያለ ቃል ነው። ተማሪው ወደ አማርኛ ሲመልሰው ግን ቃሉ ሳይታወቅ ወደ መጀመሪያው ደረጃ፣ ወደ ሲኒው ይወርዳል። በእንግሊዝኛም ይኸው ወጥመድ አለ፤ «ጠንካራ ሻይ» ይላሉና። ስለዚህ ጥፋቱን በአማርኛ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። የእኛን ጉዳይ የሚለየው መምህሩ የሚያስተምርበትና ተማሪዎቹ የሚረዳዱበት ቋንቋ የተለያየ መሆኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ቃሉ በአዳራሹ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞና ተበይኖ ይሰጣል፤ ማታ በመኝታ ክፍል በአማርኛ ያለ ብያኔ ይነገራል። መምህሩ ሁለተኛውን ንግግር አይሰማም።

«ትንሹ ቀድሞ ያልቃል»

ሁለተኛው ምሳሌ በሞል ስሌት ላይ ያተኮረ ነው። ጥያቄው 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሐድ ስንት ግራም ውኃ እንደሚገኝ ይጠይቃል። የቡድኑ አስረጂ ያቀረበው ደንብ አጭርና የሚያዝ ነበር፦ «ትንሹን ፈልጊ። ትንሹ ቀድሞ ያልቃል።» ወጡ ብዙ ሆኖ እንጀራው ሲያንስ ምን እንደሚሆን አከለበት። በዚህ ደንብ ትንሹ 4 ግራሙ ሃይድሮጅን ነው፤ 2 ሞል ሃይድሮጅን 2 ሞል ውኃ ይሰጣል፤ መልሱ 36 ግራም ሆነ። አራቱ ጻፉ።

አምስተኛዋ፣ ያቺው በአሲዱ ጊዜ የጠየቀችው፣ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ቆይ፣ ያስገባነው ሁሉ 20 ግራም ነው፤ 36 ግራም ውኃ ከየት መጣ?» አለች። አስረጂው መጀመሪያ የሒሳብ ስሕተት ፈለገ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ምንም አላገኘም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ደንቡ ውስጥ እንጂ ስሌቱ ውስጥ አልነበረም። በኋላ አብረው እንደደረሱበት፣ 4 ግራም ሃይድሮጅን በሙሉ ለመዋሐድ 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ያለው ግን ግማሹ ነው። የሚያልቀው በግራም የሚበልጠው ኦክስጅን ነው፤ 18 ግራም ውኃ ይገኛል፤ 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። ድምሩም 20 ይመጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቡድኑ «ትንሹን በግራም ሳይሆን በሞል ፈልግ» የሚል አዲስ ደንብ ይዞ በሄደ ነበር። ብዙዎችም የሚቆሙት እዚያ ነው፤ በዚህ ጥያቄ ደንቡ ትክክለኛ መልስ ይሰጣልና። ስለዚህ 3 ሞል ሃይድሮጅንና 2 ሞል ኦክስጅን ሰጠኋቸው። በሞል የሚያንሰው ኦክስጅን ነው፤ የሚያልቀው ግን ሃይድሮጅኑ ነው፤ 3 ሞል ሃይድሮጅን የሚፈልገው 1.5 ሞል ኦክስጅን ብቻ ነውና። ሁለተኛው ደንብም ወደቀ። ከዚያ በኋላ አስረጂው ራሱ የተናገረውን እንደ ወረደ እጽፋለሁ፦ «እንጀራው አነሰ ማለት በቁጥር አነሰ ማለት ሳይሆን ለወጡ አልበቃም ማለት ነው።» ምሳሌውን አልጣለውም፤ ከውስጡ አረመው። ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ምጣኔ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ማብራሪያ በማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚዛን

ሦስተኛው ቃል ከሁሉ የከበደው ነው። ኢኩሊብሪየም የሚለውን ተማሪዎች «ሚዛን» ይሉታል፤ መዝገበ ቃላቱም ይደግፋቸዋል። ሚዛን በገበያ ሁለት ሳሕን አለው። በግራና በቀኝ ያለው ክብደት እኩል ሲሆን መርፌው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚህ ሥዕል ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አብረው ይወለዳሉ፦ በሪአክሽኑ በግራና በቀኝ ያሉት ነገሮች መጠናቸው እኩል ሆኗል፤ ሪአክሽኑም ቆሟል። ሁለቱም እምነቶች በሌሎች አገሮች ተማሪዎችም ዘንድ በተደጋጋሚ የተመዘገቡ ናቸው። በአማርኛ የሚነገርበት ቃል ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ያለ ክርክር ያስገባቸዋል።

በአንድ ቡድን ውስጥ ከባሌ የመጣ፣ አፍ መፍቻ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ የሆነ ተማሪ ነበር። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይቆጠባል፤ በመሆኑም በአብዛኛው ዝም ይላል። ሌሎቹ «ሪአክሽኑ ሚዛን ላይ ሲደርስ» እያሉ ረዥም ሰዓት ተነጋገሩ። በመጨረሻ እጁን እንደ ማንሣት ብሎ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «ሚዛን ስትሉ ምኑ ነው የሚመዘነው?» አላቸው። ጥያቄውን የቃል ትርጉም መስሏቸው ሊተረጉሙለት ሞከሩ፤ «ሁለቱ ጎን እኩል ሲሆን» አሉት። «ምናቸው እኩል ሲሆን?» አለ። አንዱ «ክምችታቸው»፣ ሌላው «ሞላቸው»፣ ሦስተኛዋ «ፍጥነታቸው» አለች። አንድን ቃል ለአንድ ሰዓት አብረው ሲጠቀሙ የቆዩ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ሲናገሩ እንደነበር ያኔ ታወቀ።

ክርክሩን በስሌት ፈቱት። ከሃይድሮጅንና ከአዮዲን ሃይድሮጅን አዮዳይድ የሚሠራበትን ሪአክሽን ወሰዱ። በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የኢኩሊብሪየም ቋሚው 50 ገደማ ነው፤ ለስሌት እንዲቀል 49 አደረግነው። ሁለቱ መነሻዎች እያንዳንዳቸው በ1 ሞላር ቢጀምሩ በመጨረሻ 0.22፣ 0.22 እና 1.56 ሞላር ላይ ይደርሳሉ። እኩል አይደሉም፤ ወደ እኩልነትም አልቀረቡም። እኩል የሆነው የወደፊቱና የኋልዮሹ ሪአክሽን ፍጥነት ነው፤ አንዱ በሚሠራው ልክ ሌላው ያፈርሳል፤ ሥራው ግን አልቆመም። ሦስተኛዋ ተማሪ ትክክል ነበረች፤ ነገር ግን የባሌው ተማሪ ባይጠይቅ ኖሮ ትክክል መሆኗን እርሷም ሌሎቹም ባላወቁ ነበር።

ማን ያቋርጣል?

በሦስቱም ምሳሌዎች መማር የተጀመረው ገለጻው ሲሰጥ ሳይሆን ሲቋረጥ ነው። ይህ የኖሪን ዌብን የረዥም ጊዜ ምርምር ያስታውሰናል። ዌብ በአነስተኛ ቡድኖች ላይ ባካሄደቻቸው ጥናቶች ዝርዝር ማብራሪያ የሚሰጡ ተማሪዎች ራሳቸው እንደሚጠቀሙ፣ መልስ ብቻ የሚቀበሉ ግን እምብዛም እንደማያተርፉ አሳይታለች። በእኔ ማስታወሻዎች ላይ የሚታየው የዚሁ ጎን ነው፦ አስረጂውን ወደ ዝርዝር ማብራሪያ የሚገፋው የአድማጩ እምቢታ ነው። ጎበዙ ተማሪ በራሱ ቢተው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም ነበር። አይፈረድበትም፤ እኔም አላለፍሁም።

እንግዲህ የቡድን አደረጃጀት ጥያቄ «ጎበዙን የት እናስቀምጥ?» ከሚለው ይልቅ «የሚያቋርጠው ማን ነው፤ እንዲያቋርጥስ ምን ያስችለዋል?» ወደሚለው ቢዞር ይሻላል። በእኛ ልማድ የሚያስረዳን ሰው ማቋረጥ ነውር ነው። አልገባኝም ማለት ደግሞ ውጤቱ ወደ ትምህርት ክፍል ምደባ በሚወስድበት በአንደኛ ዓመት ከነውርም በላይ ሥጋት አለው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት መርሐ ግብር ከተመለሰ ወዲህ ከየክልሉ የመጡ፣ በተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያደጉ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍል ሳይመደቡ በአንድ ክፍል ይማራሉ። አጥኚ ቡድኖች ግን በልማድ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ይሰባሰባሉ። ይህ ለመግባባት ይመቻል፤ ነገር ግን «ሚዛን ስትሉ ምኑ ነው?» የሚለውን ሰው ከጠረጴዛው ያስወጣዋል። ቃሉን እንደ እኛ የማይሰማው ሰው ለቡድኑ ሸክም ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ በዚያ ምሽት ግን ከሁሉ የጠቀመው እርሱ ነበር።

ሌላም የሚቀር አለ። አብዛኞቹ የጥናት ቡድኖች የሚሞቁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሴት ተማሪዎች በጨለማ ወደ መኝታ ሕንጻ መመለስን እያሰቡ ቀድመው ይነሣሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግማ የተጠቀሰችው ተማሪ የተገኘችው ክፍለ ጊዜው በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚጀምር ነው። የሰዓት ጉዳይ የማስተማር ዘዴ ጉዳይ አይመስልም፤ ነው።

በተግባር የተሞከረው

ከእነዚህ ምልከታዎች በኋላ በያዝኋቸው ክፍለ ጊዜያት ሦስት ነገር ለወጥሁ። ከማናቸውም ንግግር በፊት እያንዳንዱ መልሱን በወረቀት ይጽፋል። የሚያስረዳው ሰው ብዕር አይይዝም፤ ብዕሩ የሚብራራለት ሰው እጅ ላይ ይሆናል። ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ አስረጂውን ከመጻፍ ወደ መናገር ያስገድደዋል፤ ያልገባውን ሰውም ከመገልበጥ ያድነዋል። ሦስተኛው፣ ማንም ምሳሌ ሲሰጥ ከአድማጮቹ አንዱ «ምሳሌው የሚያበቃው የት ነው?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ግዴታ ስለሆነ ነውርነቱ ይቀራል፤ ጠያቂው ሥራውን ሠራ እንጂ ሰው አላቋረጠም።

መጀመሪያ ላይ ለምሳሌ ሁሉ የውሸት መጨረሻ ይፈልጉለት ነበር። «ምሳሌው የሚያበቃው ቡና ስለሚጠጣ፣ አሲድ ስለማይጠጣ ነው» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥያቄው ጥርስ አወጣ። ጥርሱ መጀመሪያ ያረፈው በእኔ ላይ ነው።

ስለ ኢኩሊብሪየም «ሚዛን» የሚለውን ሥዕል ለመተካት በፈተና ሰሞን ያለውን ቤተ መጻሕፍት ምሳሌ ሰጥቼ ነበር። ውስጥ ያለው ሰው ብዛት ሌሊቱን ሙሉ አይለወጥም፤ ነገር ግን ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ውስጥ ያለውና ውጭ የሚጠብቀውም እኩል አይደለም። ምሳሌው አኩርቶኝ ነበር። ያቺ ተማሪ ተራዋ ነበርና፣ «መምህር፣ የሚያበቃው የት ነው?» አለችኝ። ዝግጁ ስላልነበርሁ አንድ ሰው ከሌላው ሰው እንደሚለይ፣ የሃይድሮጅን ሞለኪዩል ግን ከሌላው ሃይድሮጅን እንደማይለይ ነገርኋት። አልበቃትም። «በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ሲወጣ አንድ የሚገባው በሩ ላይ ጥበቃው ስለሚቆጥር ነው። በሞለኪዩሎቹ ዘንድ ጥበቃው ማነው?»

ጥበቃ የለም። የወደፊቱ ሪአክሽን ፍጥነት የሚወሰነው በመነሻዎቹ ክምችት ነው፤ የኋልዮሹ ፍጥነት የሚወሰነው በውጤቱ ክምችት ነው፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። መነሻዎቹ ባነሱ ቁጥር የመጀመሪያው ይዘገያል፤ ውጤቱ በበዛ ቁጥር ሁለተኛው ይፈጥናል፤ ሳይነጋገሩ አንድ ፍጥነት ላይ ይገናኛሉ። እኩልነቱ በትእዛዝ የመጣ ሳይሆን ሁለት የማይተዋወቁ ሒደቶች የደረሱበት ቦታ ነው። ይህን ለመመለስ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጥቂት ደቂቃ ወስዶብኛል፤ ብዕሩም በእርሷ እጅ ነበር።